በልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ወደ ሐይቅ

«ከማን ጋር ነሽ?»

የሚኒባሱ ረዳት ጠየቀኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጠየቁኝ። ውጫሌ ላይ ሻይ የቀዳችልኝ ልጅ፣ የሐይቅ ከተማው ባለ ባጃጅ፣ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ፣ ሁሉም በየተራቸው ጠየቁኝ። «ብቻዬን ነኝ» ስል ፊታቸው ላይ የሚመጣው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ሐዘኔታ የሚመስል «እ... እሺ»። በእኛ አገር ሰው ብቻውን መንገድ የሚወጣው ለሥራ፣ ለሕክምና ወይም ለልቅሶ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካልሆነ ተኳርፏል ማለት ነው። ውኃ ለማየት ብላ ብቻ ቦርሳ ያነገተች የ43 ዓመት ሴት፣ ያውም የሁለት ልጆች እናት፣ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደምትገባ አይታወቅም።

ጉዞው የታቀደ አልነበረም። መርሳ የሄድኩት ለአጎቴ ሙት ዓመት ነው። ረቡዕ ተዝካሩ ወጣ። ሐሙስ ጠዋት ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ትልልቆቹ ድስቶች ታጥበው ለየባለቤታቸው ሲመለሱ፣ የእኔ የአዲስ አበባ መመለሻ ገና እሑድ ነበር። አክስቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ከወልድያ ወደ ደሴ የሚያልፉትን መኪኖች አያለሁ። ረዳቶቹ በመስኮት ወጥተው «ሐይቅ፣ ደሴ! ሐይቅ፣ ደሴ!» ይላሉ። በልጅነቴ በዚህ መንገድ ስንመላለስ ሐይቅን ያየሁት ሁልጊዜ ከመኪና ውስጥ ነው፤ በሰው ትከሻ መካከል ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ነገር። አንድም ቀን ወርደን አናውቅም። ሁልጊዜ የምንደርስበት ቦታ ነበረን።

ሻንጣዬን ለአክስቴ ትቼ ልጄ ያዋሰኝን የትምህርት ቤት ቦርሳ አወጣሁ። አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ጋቢ፣ የስልክ ቻርጀር፣ መድኃኒቴ፣ ሳሙና። ሌላ ምንም።

«ብቻሽን? ተጣላችሁ እንዴ?» አለች አክስቴ። ባለቤቴ በበኩሉ በስልክ «ከማን ጋር?» አለ። የጎረቤት እናት ብቻ ምንም አልጠየቁም፤ ሙስሊም ናቸው፣ ሙት ዓመቱ ላይ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ከሁሉም በኋላ ነው የሄዱት። ቆሎ በፌስታል ቋጥረው ቦርሳዬ ውስጥ እየከተቱ «አብሽሪ፣ አላህ ያድርስሽ» አሉኝ።

መጀመሪያ የመንገዱን ነገር

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ለመነሳት የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ከውበቱ በፊት መንገዱን ማንሳት አለብኝ። ይህ መስመር ከ2013 ዓ.ም ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ጦርነት ያለፈበት ነው። ወልድያም፣ መርሳም፣ ውርጌሳም፣ ሐይቅም አይተውታል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ መንገድ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በጠዋት የጠየቅሁት የሆቴል ዋጋ ሳይሆን ሾፌሮችን ነበር። መረጃ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ ትናንት ማታ ከደሴ የገባ ሾፌር ከማንኛውም ዜና ይሻላል። ሁለቱን ጠየቅሁ፤ ሁለቱም «ሰላም ነው» አሉ። አንዱ እንኳ ቢያመነታ በረንዳዬ ላይ እቀመጥ ነበር። ድንገተኛ ጉዞ ማለት ጭፍን ጉዞ ማለት አይደለም።

ከመርሳ ሐይቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርሳ ቆላማ ናት፤ ፓፓያና ማንጎ በየግቢው አለ፣ ኅዳር ላይ እንኳ እኩለ ቀኑ ያልባል። እስከ ውርጌሳ መንገዱ በማሽላ ማሳ መካከል ይሄዳል። እኔ ስሄድ ማሽላው እየታጨደ ነበር፤ ልጆች ማማ ላይ ሆነው ወፍ ሲያባርሩ ይታያል። ከዚያ በኋላ መኪናው ሽቅብ ይይዛል፤ አየሩ ይለወጣል፣ ጋቢ ያወጣል። ወደ ላይ ሲወጡ የአምባሰል ሰንሰለት በስተቀኝ ይታያል። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህ ተራራ ስም ይጠራል፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት መንገዱን አንድ ጊዜ በዝግታ መውጣት ይበቃል።

ውጫሌ ላይ መኪናው ለሻይ ቆመ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን ሁላችንም ስሟን የምናውቀው ከታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው ወኪል አንቶኔሊ ውሉን የተፈራረሙት ከዚህች ከተማ ብዙም በማይርቀው ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ሌላ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ በመገኘቱ ከሰባት ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ የሆነው ሆነ። አጠገቤ ተቀምጠው ለነበሩት እናት ይህን ላወራላቸው ብል «እሱንማ እናውቃለን፤ ባልሽ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

ሐይቁ

ከተማውም ሐይቅ፣ ውኃውም ሐይቅ ነው። ጥንት ሎጎ ይባል ነበር፤ ዛሬም ስሙን አጣምረው «ሎጎ ሐይቅ» የሚሉት አሉ። የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ከደሴ የሚመጣ ሰው ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል። ውኃው ግን ከአስፋልቱ ራቅ ይላል። ከከተማው ባጃጅ ይዞ ወይም በእግር መውረድ ያስፈልጋል። በእግሬ ወረድኩ። የቡና ዛፍ፣ ጫት፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ከዚያ በድንገት ዛፉ ይከፈትና ውኃው ይመጣል።

መጠኑ ትልቅ አይደለም፤ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚገርመው ጥልቀቱ ነው፤ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ጣና በስፋቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፣ ነገር ግን የጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ቀለሙ የከበደው፤ ጠዋት አረንጓዴ፣ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሰማያዊ። ዙሪያው ተራራ ነው፤ ውኃው በግልጽ ወጥቶ የሚሄድበት ወንዝ የለውም።

የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ እዚህ መጥቶ ነበር። በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ እንዳለ ጽፏል። እኔ ያየሁት መረብ የሚፈቱ ወጣቶችን ነው። የሚያጠምዱት ቆሮሶና አምባዛ ነው፤ ቆሮሶው የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፣ በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቁት ነው። አሁን የከተማው ገበታ እሱ ሆኗል፤ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ዱለት። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ምግብ ቤቱ ውስጥ ያ የማያልቀው ክርክር ነበር፤ ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም? ከጎኔ ያሉት አዛውንት ሽሮ አዘዙና የእኔን ሳህን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆሮሶው እስከ አጥንቱ ጠብሰው፣ በአዋዜና በሎሚ ነው ያቀረቡት። ከዚህ በላይ አልናገርም።

አንድ ነገር ግን ልጆች ይዘው ለሚሄዱ፦ ቢልሃርዚያ በአካባቢው ያለ በሽታ ነው። ጥናቶች የከተማውን ተማሪዎች መርምረው አግኝተውታል። ውኃው ምንም ያህል ቢጋብዝ ልጆች ዳር ዳር ላይ ባይንቦጫረቁ ይሻላል። ለጀልባ ግን ችግር የለም።

ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ቦታ

በጀልባ የወሰደኝ ልጅ ከሃያ ዓመት አይበልጥም። እየቀዘፈ የሐይቁን አፈጣጠር ነገረኝ፤ በአካባቢው ያላደገበት ሰው የለም። ድሮ እዚህ ውኃ አልነበረም፣ አገር ነበር። አንዲት ልዕልት አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት በደለቻት። ያቺም ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እግዚአብሔር ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ዘመዶቿም ሰጠሙ። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ።

«የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

በመቅዘፊያው ወደ ዛፎቹ አመለከተኝ። «እሱ ነው እስጢፋኖስ።»

ሐይቅ እስጢፋኖስ ዱሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግርም ይገባል። እርግጥ ሁሉም ሰው አይገባም። በሩ ላይ ስደርስ አንድ አባት ወጥተው በትሕትና «እኅቴ፣ ከዚህ ወዲያ ለሴት አልተፈቀደም» አሉኝ። አውቅ ነበር። ደብረ ዳሞም እንዲሁ ነው፤ የገዳም ሥርዓት ነው፣ ልከራከርም አልሄድኩም። ነገር ግን ቅር አለኝ። በአፈ ታሪኩ ለአንዲት የተበደለች ሴት ሲባል ከውኃ የተረፈች ቁራሽ መሬት ናት፤ አሁን ሴት የማይረግጣት። አባ ስሜቴን አይተው ይሁን አይሁን፣ «ወንድ ልጅ አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «አለኝ፣ 14 ዓመቱ ነው።» «እሱን ላኪው፤ አይቶ ይነግርሻል።» ከዚያ ደንጋይ ላይ ተቀምጠው እኔም ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ ብዙ አወራን።

ያወሩኝን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ትውፊቱ የገዳሙን ጅማሬ ወደ 9ኛው መቶ ዘመን ይወስደዋል። የታወቀበት ዘመን ግን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመጡበት ነው፤ እንደ አውሮፓውያኑ 1248። ኢየሱስ ሞዓ የዳህና ሰው ናቸው። ከአገራቸው ወጥተው ደብረ ዳሞ ደርሰው ተማሩ፣ ከዚያ እዚህ መጥተው ትምህርት ቤት ከፈቱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ ከሸዋ ተነሥተው ለዓመታት ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጠዋል። የሐይቅ አበምኔት ከዚያ ወዲያ «ዓቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ይዞ በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል በ1280 ወይም በ1281 የተዘጋጀ ነው፤ ዘመኑ በትክክል ከሚታወቅ የአገራችን የብራና መጻሕፍት ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ነው፤ የራሳቸው የኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም በውስጡ አለ። እኔ አላየሁትም፤ ልጄ ያየዋል። ኅዳር 26 በዓላቸው ነው፤ እኔ የደረስኩት ሳምንት ሲቀረው ስለነበር ከሩቅ የመጡ ሰዎች ከወዲሁ በየዛፉ ሥር አርፈው ነበር። አንዳንዶቹ በእግራቸው የመጡ፣ ጀርባቸው ላይ አንዲት ጥቅል ያላቸው።

እነሱን ሳይ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ብቻን ቦርሳ አንግቶ መሄድ የፈረንጅ ወጣቶች ፈሊጥ ይመስለን ነበር፤ ከፊልም ያየነው። ወሎ ውስጥ ግን ይህ ከማንም የቆየ ነገር ነው። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ብቻውን ይሄዳል። የሙስሊሙ ደረሳም እንዲሁ፤ የጁ ውስጥ ወዳለው ዳና፣ ከዚያ ወደ ሌላው፣ ሼኹ ወዳሉበት። ሁለቱም መንገድ ላይ ሰው ቤት ያድራሉ፤ አሳዳሪውም «ከማን ጋር ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ምን እየተማረ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። አገሩ ብቻውን የሚሄድ ሰው ያውቃል። የማያውቀው ብቻዋን የምትሄድ ሴት ነው። የጎረቤታችን እናት ቆሎ መቋጠራቸው ለዚህ ይሆን? አልጠየቅኋቸውም።

አርዲቦ

አርብ ጠዋት ወደ አርዲቦ ወጣሁ። አርዲቦ ሁለተኛው ሐይቅ ነው፤ ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ 200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተራራ መካከል ተቀምጧል። ውኃው ተርፎ በወንዝ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። በእግር የሚወጣ ሰው ጠዋት መነሳት አለበት፤ መንገድ የሚያሳይ የአካባቢ ልጅ መያዝም ግድ ነው፤ ለመጥፋት ሳይሆን ሰዎች ማን እንደሆናችሁ እንዲያውቁ። ሎጅ የለም፣ ሙዚቃ የለም። ከብት ያጠጣሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። ከላይኛው ገደል ላይ ቁጭ ብዬ ቆሎዬን ስበላ አንድ ሰዓት ያህል ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እናት ሆኜ ከ19 ዓመት ወዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ምንም ያልጠየቀኝ መቼ እንደነበረ አሰብኩ፤ አላስታወስኩም።

ስመለስ አስጎብኚዬ የሆነችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቤታቸው አስገባችኝ። ቡና ተፈላ። እናትየዋ «አቦልን ብቻ ጠጥቶ መሄድ ነውር ነው» አሉ፤ እስከ በረካ ተቀመጥን። ዱዓ ተደረገልኝ። እዚህም ጥያቄው አልቀረም፤ ግን ስመልስላቸው ሴትየዋ ሳቁ። «እኔም አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ተነሥቼ እሄዳለሁ» አሉ፤ ልጅቱ ደግሞ «የት?» አለቻቸው። መልስ አልሰጡም፤ ጀበናውን አነሡ።

ለምትነሱ

ዋጋ አልጽፍም፤ ይህ መጽሔት እጃችሁ እስኪገባ ይቀየራል። የምጽፈው ሌላ ነው። የማደሪያ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት በሩን ከውስጥ ዝጉትና ሞክሩት፤ መቀርቀሪያው ላይ ጥርጣሬ ካለ አትያዙ። ሥሩ ግሮሰሪ ያለበትን ሆቴል እለፉት፤ በተለይ ቅዳሜ። ጨለማ ሳይሆን ግቡ፤ ሚኒባሶቹ ከሰዓት በኋላ እየሳሱ ይሄዳሉ። ከማምሸት ይልቅ የሚቀጥለውን ጠዋት መጠበቅ ይሻላል። ቴሌብር በብዙ ቦታ ይሠራል፣ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይቆማልና ጥሬ ብር ያዙ። ማታ ማታ አንድ ሰው ስልክ ይጠብቅ፤ የእኔ ቀጠሮ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር፣ ባለቤቴ አንድም ቀን ሁለት ሰዓት አላስደረሰውም፤ ቀድሞ ይደውላል። ሻርፕም ያዙ፤ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለሙስሊም ቤትም፣ ለነፋስም ይሆናል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መርሳ ተመለስኩ። እሑድ አዲስ አበባ ገባሁ። ማታ እራት ላይ ሁሉንም አወራኋቸው፤ ልጄ ብራናውን ማየት ፈለገ፣ ቦርሳውም ዓሣ ዓሣ ሸተተብኝ አለ። የ19 ዓመቷ ሴት ልጄ ግን ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «እኔም የሴሚስተሩ ፈተና ሲያልቅ ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ» አለች።

አባቷ እኔን አየኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ። እኔ የሄድኩት በ43 ዓመቴ ነው፤ አክስት ያለበት አገር፣ ቋንቋው የራሴ በሆነበት መንገድ። እሷ 19 ነች፤ ሐይቅም አይደለም የምትለው፣ አርባ ምንጭ ነው። «ከማን ጋር?» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እስካሁን ሦስት ጊዜ ቁጭ ብለን ተወያይተናል። አባቷ ወንድሟ አብሯት ቢሄድ ይላል፤ እሷ ደግሞ «እሱ ከእኔ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ማን ማንን ሊጠብቅ ነው?» ትላለች። የሚቀጥለው ስብሰባችን እሑድ ነው።